የፊት ጎማው ቀይ መስመር

አስከሬኑ ከቁልቁለቱ ሥር ሲነሳ ገጣጣሚዋ ዓይኗን ከስኩተሩ መንቀል አቃታት። ጎማውን ከሚያስሩት አምስት ዳዶዎች ሦስቱ ረግፈው የፊት ጎማው ተንጋዶ ተንጠልጥሏል። ያን ጎማ ያሰረችው እሷ ናት፤ የሞተው ደግሞ እንደ ልጁ ያሳደጋት አጎቷ ነው። በእጄ ገደልኩት የሚል ሐሳብ አንዴ ገብቶ አልወጣ አላት።

ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ ጋራዡ ድረስ መጣች። ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ዓይኗ ግን የማይገባበት የሌለ ሴት ናት።

«ስኩተሩ አሮጌ ነው?»

«መልኩ ብቻ ነው» አለች ገጣጣሚዋ። «ዕቃው በሙሉ የድሮውን አስመስለው አሁን የሚሠሩት ነው። አጎቴ ‹አዲስ የተወለደ ሽማግሌ› ይለዋል... ይለው ነበር።»

«ታዲያ እንደመጣ ይገጥማል?»

«የት አባቱ! እየሞረድን ሳይቀባ እንገጥመዋለን፤ ከዚያ ይፈታል፣ ባለቤቴ ይቀባዋል፣ እንደገና አስረዋለሁ። ዳዶውን አጥብቄ ስጨርስ ከዳዶው እስከ ጎማው በቀይ የጥፍር ቀለም አሰምራለሁ፤ ዳዶው ከላላ መስመሩ ይቆረጣል። ነድቶ የሚሞክረው አጎቴ ነው፤ መስመሩን ሳያይ አይነዳም።»

«ይኼኛውን አጥብቀሽዋል?»

«አጥብቄዋለሁ» አለች።

ቀለም ቀቢው ባሏ ትከሻዋን አቀፋት። «ደክሟት ነው እንጂ ሆን ብላ አይደለም። እባክዎ አያስጨንቋት» አለ። ይሄኔ የባሰ ፈራች፤ እሱም አምኖበታል ማለት ነው።

ስኩተሩን ያዘዘው የጥርስ ሐኪም ተጠራ። «እውነተኛ የድሮ ነው ብሎ በስልክ ያሳመነኝ ቀቢው ነው» አለ። «ሟቹ ግን ትናንት ደውለው ‹ከመረከብዎ በፊት የምነግርዎ ነገር አለ› አሉኝ።»

መርማሪዋ ሦስቱንም በስኩተሩ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አውጥታ ጥጥ ነከረችና የኋላውን ጎማ ዳዶ ጠረገች። ቀዩ መስመር ወዲያው ለቀቀ። ከዚያ ፊት ጎማው ላይ የቀሩትን ሁለት ዳዶዎች ደጋግማ ፈተገች። ጥጡ ነጭ እንደሆነ ቀረ።

«ይኼ የጥፍር ቀለም አይደለም፤ ማስለቀቂያው የማይነካው፣ ማድረቂያ የተደባለቀበት የመኪና ቀለም ነው» አለች። «አንድ ሰው ዳዶዎቹን ሲያላላ መስመሩ ተቆረጠ። ስለዚህ የእሷን ጠርጎ የራሱን አሰመረ፣ ሟቹ አይተው እንዲያምኑ። እሷ ብትሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ሳታጠብቅ በራሷ ጠርሙስ ማስመር ይበቃት ነበር። ሐኪሙ ይህን ጋራዥ የረገጡት ገና ዛሬ ነው። ማድረቂያ የሚያደባልቀው ደግሞ እዚህ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

የቀቢው ፊት አመድ መሰለ። «ሰውዬው አፉን ቢከፍት፣ እንደዚሁ ‹የድሮ ነው› እያልኩ የሸጥኩላቸው ሁሉ ይመጡብኝ ነበር» አለ።

ገጣጣሚዋ ከባሏ ራቅ ብላ ቆመች። ትናንት ማታ ከዚህ ሰው ጎን ነበር የተኛችው።

«በኔ እንደሚላከክ አላወቅክም?»

«አውቅ ነበር» አለ ሳያያት። «ምን ላድርግ፣ አጎትሽ የሚያምነው ያንቺን መስመር ብቻ ነው።»

ሲወስዱት አላየችውም። ወደ መርማሪዋ ዞራ፣ «ዛሬ ጠዋት ጎንበስ ብሎ መስመሩን አየና ‹እጅሽ ይባረክ› ብሎኝ ነው የሄደው» አለች፤ ያኔ ገና አለቀሰች።