የዴላኒ ምልክቶች

በአሜሪካ እግር ኳስ ልምምድ ላይ ዌስተን በራስ ቁሩ ውስጥ ባለው ማዳመጫ የአሰልጣኙን ድምፅ ሰማና ወደ ቡድን ጓደኞቹ ዞሮ ትእዛዙን መድገም ጀመረ። እስከ መሃል በደንብ ሄደ። ከዚያ ምላሱ ተሳሰረ። ግዙፎቹ ተጫዋቾች እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠበቁት።

«ግዴለም፣ ቀሪውን ነገ ትነግረናለህ!» አለ አንዱ። ሜዳው በሳቅ ተሞላ።

ፍቅረኛው ዴላኒ ልምምዱን ሊያይ ከመጣው ሕዝብ መሃል አጥሩን ይዛ ቆማለች። ዌስተን በጭንቀት አንገቱን ወደ ሜዳው ዳር ሲያዞር አየችው። የሚፈልገው እሷን ነበር።

ካንሳስ ኮሌጅ ሳሉ የተገናኙት በምልክት ነው። እዚያ ኳርተርባኩ፣ ኳሷን የሚወረውረው መሪ፣ ረጅም ትእዛዝ አይሸመድድም፤ ዴላኒ ሜዳው ዳር ቆማ በእጇ አንድ ምልክት ታሳየዋለች፣ እሱ ይጫወታል። አጠገቧ ሌላ ተማሪ ባላጋራን ለማሳሳት የውሸት ምልክት ያሳያል። ዌስተን በመጀመሪያው ቀን የውሸቱን አምኖ ኳሷን ለባላጋራ አስረከበ።

«ዓይንህ የት ነው? እኔን እይ እንጂ!» ብላ ጮኸችበት።

ከዚያ ወዲህ ዓይኑን ከሷ ላይ ነቅሎ አያውቅም። አሁን ግን ቶሌዶ ነው፤ ምልክት የሌለበት ትልቁ ሊግ። በእሁዱ ጨዋታ ካልሆነለት ቦታውን ለሌላ ይለቃል።

ከልምምዱ በኋላ አሰልጣኝ ሃልቨርሰን አስጠሯት።

«ልጁን ወደ እኛ ጨዋታ ልናመጣው ለፋን፣ አልሆነም። እኛ ወደሱ እንሂድ። ምልክቶቹን አስተምሪን። እሁድም አንቺው ቁሚ።»

ደስ ሊላት ሲገባ ፍርሃት ወረራት። ለወራት ስትሸሸው የኖረችው ጥያቄ ነው ፊቷ የተገተረው።

«አስተምራለሁ፣ ኮች» አለች። «የሚቆመው ግን ሌላ ሰው ይሁን።»

«ልጁ ቢወድቅስ?»

ዴላኒ ራሷን ነቅንቃ ወጣች።

ዌስተን ይህን ሰምቶ መኪናው ውስጥ ጠበቃት። ፊቱ ጠቁሯል።

«በዚህ ሰዓት ትተዪኛለሽ? ምን በደልኩሽ?»

«አልተውኩህም። ግን ለወራት ልጠይቅህ የፈራሁትን ንገረኝ፣ ዌስ፤ የምትወደው እኔን ነው ወይስ እጄን?»

መሪውን ጨብጦ ዝም አለ። እሷም ጠበቀች። ዝምታው ሲረዝም በሩን ከፍታ ወረደች፤ አላስቆማትም።

በዚያ ሳምንት ለሩበን፣ ለወፍራሙ ረዳት አሰልጣኝ፣ ምልክቶቹን አንድ በአንድ አስጠናችው።

«ምነው ጣቶችህ እንዲህ ተገተሩ?» ትለዋለች።

«ሳህን መጥረግ እንጂ መደነስ አያውቁማ!» ይላል ሩበን። እሷ ትስቃለች፤ ቤቷ ስትገባ ግን እህል አይወርድላትም። ዌስተን አልደወለም። ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል የሚሉት እውነት መሰላት።

እሁድ ከሕዝቡ ጋር ተቀመጠች። ዌስተን የመጀመሪያውን ኳስ ለባላጋራ ወረወረ። ስታዲየሙ አጉረመረመ፤ ዴላኒ ፊቷን ሸፈነች። ቆሜለት ቢሆን ኖሮ እያለች ራሷን ረገመች። ቀና ስትል ዌስተን ሩበንን እያየ ነበር። አንድ ምልክት፣ አንድ ውርወራ፤ ሌላ ምልክት፣ ሌላ ውርወራ። ጓደኞቹ ለባላጋራ ትንፋሽ ሳይሰጡ ሜዳውን በላይ በላዩ ቆረጡት። ሲያሸንፉ አጠገቧ ያለው ሰው ሁሉ ዘለለ። እሷም ዘለለች፤ ወዲያው ግን ተመልሳ ተቀመጠች። ያለ እሷ ችሏል። ታዲያ አሁን ምን ትሆነዋለች?

ወደ መኪናዋ ስትፈጥን ከኋላዋ ሩጫ ሰማች። ዌስተን ነው፤ ማልያውን እንኳ አላወለቀም፣ ጭቃው ጉንጩ ላይ አለ።

«ዴል! ቁሚ በናትሽ!»

ቆመች።

«ያን ቀን ዝም ያልኩት መልሱን ስለማላውቀው ነው» አለ እያለከለከ። «ልዋሽሽ አልፈለግሁም። ዛሬ ሜዳ ላይ አንዴም አልፈለግሁሽም።»

እንባዋ መጣ።

«ጨዋታው ሲያልቅ ግን አሰልጣኙም አቀፈኝ፣ ጋዜጠኛውም ከበበኝ፤ እኔ ዙሪያዬን የማየው አንቺን ብቻ ፍለጋ ነበር። ምንም ምልክት አያስፈልገኝም እኮ። አንቺን ነው የምፈልገው።»

ደረቱን በቡጢ መታችው።

«ታዲያ ያን ቀን እንዲህ አትለኝም ነበር? ሳምንቱን ሙሉ በጭንቀት ገደልከኝ!»

«ያን ቀን ብልሽ ታምኚኝ ነበር?»

አታምነውም ነበር። አሁን ግን አመነችው፤ ጭቃው ልብሷን እያበላሸው አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።