የቅምሻ ምላስ

ቅምሻ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ቤታቸው ከአባቷ ትንሽ ምግብ ቤት ጀርባ ያሉት ሁለት ክፍሎች ነበሩ። እኛ አጥር ለአጥር ጎረቤት ስለነበርን ታሪኩን ከሰው ሰምቼ አይደለም የምነግራችሁ። አታምኑኝም እንጂ፣ ልጆች፣ እኔም አንድ ጊዜ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

ቅምሻ የተባለችው ሥራዋ መቅመስ ስለነበር ነው። የምግብ ቤቱ ወጥ ሠሪ አያቷ ነበሩ፤ ሰፈሩ ሁሉ እማማ ይላቸዋል። እማማ አንድ ጊዜ በኃይለኛ ጉንፋን ታመው ሲነሡ ሽታና ጣዕም ጠፋባቸው። እጃቸው ግን ሙያውን አልረሳም። የበጉን ሥጋ ከጅማቱ አጥርተው፣ በእጅ በሚዞረው መፍጫ ሁለት ጊዜ ይፈጩታል። ግማሹ በርገር ይሆናል፣ ግማሹ ከቀይ አደንጓሬና ከቃሪያ ጋር ወጥ ይሠራበታል። በርገሩን ሲያድቦለቡሉ መሃሉን በአውራ ጣታቸው ጎድጎድ ያደርጉታል፤ አለዚያ ሲጠበስ እንደ ኳስ ይነፋል። ያ የበግ ጮማ መጥበሻ ላይ ሲንጫጫ የነበረው ሽታ እስከ ዛሬ ይናፍቀኛል። በአጥሩ በኩል ሲመጣብኝ ደብተሬን እዘጋ ነበር።

ጨው ግን በእጅ አይታወቅም። ስለዚህ እማማ ከተፈጨው ሥጋ የብይ ያህል ቆንጥረው ይጠብሳሉ፣ ቅምሻ ትቀምስና "ልክ ነው" ወይም "ይጨመር" ትላለች። ይህ ዘዴ የመጣው ደንበኞች በጨው የተነሣ ሁለት ጊዜ ምግብ ከመለሱ በኋላ ነው። አባቷ ለሦስተኛ ጊዜ ከተመለሰ ሌላ ወጥ ሠሪ እንደሚቀጥር፣ እናቱም እንደሚያርፉ ተናግሮ ነበር። ማረፍ ሲሉት ደስ ይላል፣ አይደል? ለእማማ ግን ከዚያ ወጥ ቤት መውጣት ከቤት ከመባረር አይተናነስም።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ እማማ ቅንጣቷን ሥጋ ጠብሰው ለቅምሻ ሰጧትና መፍጫውን ሊያጥቡ ወጡ። ያኔ በአጥሩ ላይ አንድ ጭንቅላት ብቅ አለ። የማን ይመስላችኋል? የእኔ። ገመድ ልንዘል ስንል አንድ ሰው ጎድሎን ነበር። ሥጋው ገና ያቃጥላል። ቅምሻ ሳህኑን አየች፣ እኔን አየች፣ ሥጋውን ለቤቱ ድመት ወርውራ ተነሣች። በሩ ላይ እማማ አገኟትና ቀምሰሽ ወይ አሏት።

"ቀምሻለሁ፣ ልክ ነው" ብላ ሮጠች።

ድመቷ እንኳ አልበላችውም ነበር፤ ማን ልብ ብሎ አይቷት!

ለካ እማማ ሥጋውን ሲፈጩ ጨው አድርገው፣ ረስተው ደግመውታል። ቀትር ላይ የሰፈሩ ጋራዥ ሠራተኞች ለምሳ ገቡ። የመጀመሪያው እንደጎረሰ ውሃ ጠየቀ። ሁለተኛው ውሃውን ከመጀመሪያው እጅ ነጠቀ። ከዚያ ሳህኖቹ አንድ በአንድ ወደ ወጥ ቤት ተመለሱ።

እማማ የማንንም ስም አላነሡም። "ጨው ያበዛሁት እኔ ነኝ" አሉ። ሽርጣቸውን ፈትተው፣ አጥፈው፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ቅምሻ በሩ ጋ ቆማ ታያለች።

አባቷ ከሰዓት በኋላ ወጥቶ ሌላ ወጥ ሠሪ አነጋግሮ ተመለሰ፤ ሴትየዋ ሰኞ ልትጀምር ተስማማች። እማማ ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። እጃቸው ሥራ መፍታት አልለመደም፣ የቀሚሳቸውን ጫፍ ያሽ ነበር። አንጀቴን በሉት። ቢሆንም ለቅምሻ፣ ማንም አላየንም፣ ዝም ብንል ይረሳል አልኳት። አዎ፣ እኔ አስተማሪያችሁ እንዲህ ብያለሁ።

"እግዚአብሔር አይቶናል" አለችኝ። "እማማ ግን አላየችም። እሷ አምናኛለች።"

ተነሥታ ወደ አባቷ ሄደች፤ እኔም እግሬን እየጎተትኩ ተከተልኳት። ሳትቀምስ ቀምሻለሁ ማለቷን ነገረችው። አባቷ ተቆጣ፣ ለምን አይቆጣ? ከዚያ እጇን ይዞ ወደ ግቢ ወሰዳት፤ ይቅርታ የሚጠየቁት እማማ ናቸው አላት። ቅምሻ እያለቀሰች ሁሉንም ነገረቻቸው፣ ገመዱንም ድመቷንም። እኔም የጠራኋት እኔ ነኝ አልኩ፤ ድምፄ ግን የትንኝ ያህል ነበር።

እማማም "እኔ እኮ" አሉ፣ "ጣዕሜ ብቻ ሳይሆን ሙያዬም የጠፋብኝ መስሎኝ ነበር።"

ቅምሻ ጉልበታቸው ላይ ተደፋች። እማማም ጨው የደገሙት እሳቸው መሆናቸውን፣ ነገር ግን እሷን አጠገባቸው ያስቀመጧት ለዚሁ እንደሆነ በቀስታ ነገሯት። ጠጉሯን እየደባበሱም ይቅር አሏት። አባቷ ገብቶ ሽርጡን አመጣና በገዛ እጁ ወገባቸው ላይ አሰረላቸው። ሴትየዋንም ይቅርታ ሊጠይቅ ሄደ።

በማግስቱ እሑድ፣ ጸሎት ላይ "ይቅር በለን" ስንል፣ ምን እያልኩ እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባኝ።

ሰኞ ቅምሻ በጋራዡ ሠራተኞች ፊት ቆማ ጥፋቱ የእሷ መሆኑን፣ ሥጋውንም ለድመቷ መወርወሯን ተናገረች። ከመካከላቸው አንዱ የዛሬውን ድመቷ ናት ወይስ አንቺ የቀመስሽው ብሎ ሲያሾፍባት ሁሉም ሳቁ፣ በሉም። አንድም ሳህን አልተመለሰም። እማማም ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት በዚያ ወጥ ቤት አበሰሉ። ዛሬ ምግብ ቤቱ የለም፣ እማማም የሉም። ቅምሻ ግን ስትነግራቸው የነበረውን ፊታቸውን እኔ አልረሳሁትም።

ልጆቼ፣ የተሰጠንን ሥራ ሳንሠራ ሠርቻለሁ ብንል የሚጎዳው ያመነን ሰው ነውና፣ ጥፋታችንን ሳንውል ሳናድር እንናገር።