በንብርብሮቹ መሃል

«ጋዜጣውን ጨርሰኸዋል?» አለ ከሰላዩ አጠገብ የተቀመጠው ሰው።

«ስፖርቱን ብቻ።»

የይለፍ ቃሉ ይኸው ነበር። ሰውየው ጋዜጣውን አንስቶ ጉልበቱ ላይ አኖረው። በእጥፋቱ ውስጥ ከጥፍር የማትበልጥ ፍላሽ አለች። በእሷ ውስጥ ደግሞ የአንድ አዲስ አውሮፕላን ክንፍ ሙሉ ስሌት።

የዓይን ክሊኒኩ መጠበቂያ ክፍል ከቀትር በኋላም ተጨናንቋል። ዓይናቸውን በፋሻ በሸፈኑ ሰዎች መሃል ማን ማንን ያያል? ቦታውን የመረጠው ጋዜጣውን የተረከበው ሰው ነው። በስለላ መሥሪያ ቤታቸው «አጎት» ይሉታል። ሰላዩን ደግሞ «ሙጫ»፤ ከተለጠፈበት አይላቀቅማ።

ሙጫ በሐሰት ስም ሁለት ዓመት ሙሉ አውሮፕላኑ በሚሠራበት ፋብሪካ የስሌት ክፍል ተለጥፏል። ክንፉ የሚሠራው ከስስ የካርቦን ጨርቅ ነው፤ እየተደራረበ ይጣበቃል። የእሱ ሥራ ክንፉን ኮምፒውተር ላይ በሺህ ትንንሽ ቁራጮች ከፍሎ፣ በንብርብሮቹ መሃል ያለውን ጫና ማስላት ነበር። ያ ጫና ከውጭ አይታይም። ከብሎን ቀዳዳ ጠርዝ ተነስቶ ንብርብሩን ውስጥ ለውስጥ ይልጠዋል።

ይህን ያስተማሩት የክፍሉ ኃላፊ፣ ሽማግሌው መሐንዲስ ናቸው። «ልጄ» ይሉታል። ያለ እሱ ምሳ አይበሉም።

«ሥራህ አልቋል» አለ አጎት። «ዛሬውኑ ከከተማ ውጣ። ስምንት ሰዓት ላይ ፋብሪካው አካባቢ እንዳትገኝ።»

«ስምንት ሰዓት የሙከራው በረራ ነው።»

አጎት ጋዜጣውን አጥፎ ብብቱ ውስጥ ሸጎጠው።

ሙጫ ወደ እሱ ዞረ። «ፋብሪካው ኮምፒውተር ውስጥ ያስገባሁልህ ፕሮግራም ፋይል ብቻ ይቀዳል ብለኸኝ ነበር።»

«ቀድቷል። ቀዳዳዎቹ ጠርዝ ላይ ያሉትንም የስሌት ቁራጮች አተልቋል።»

ገባው። ቁራጮቹ ሲተልቁ የጠርዙ ጫና በአማካዩ ውስጥ ይሰምጣል። ክፉው ቁጥር ደህና መስሎ ይወጣል። ሽማግሌው ያንን አምነው ከቀዳዳው ዙሪያ ሁለት ንብርብር አስቀንሰዋል። ፈርመዋልም።

አብራሪዋ ልጃቸው ናት።

«ተቀመጥ» አለ አጎት፣ ክንዱን ጨብጦ። «በሩ ላይ ሰው አለኝ።»

ነርሷ ተራ ቁጥር ጠራች። «ሠላሳ አንድ።»

«አቤት» አለ ሙጫ ጮክ ብሎ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። አጎት ለቀቀው። ሙጫ ወደ ምርመራው ክፍል ገባ፤ ሐኪሙን «ይቅርታ» ብሎ በጓሮ በር ወጣ።

ከመድኃኒት ቤት ስልክ ለምኖ ደወለ።

«ጋሼ፣ በረራውን ያስቁሙ።»

«የት ጠፋህ? ምሳው ቀዘቀዘ እኮ።»

«ጠርዙ ላይ ቁራጮቹን አሳንሰው እንደገና ያስሉት። እባክዎ፣ አሁን።»

የኪቦርድ ድምፅ ተሰማ። የመድኃኒት ቤቱ ሰዓት ስምንት ሊሆን አሥራ ሁለት ደቂቃ ይላል።

«ጫናው እጥፍ ሆነ» አሉ። ኪቦርዱ እንደገና ተንጣጣ። «አሁንም ይጨምራል።»

ሌላ ስልክ ሲያነሱ ሰማቸው። «ሞተሩን አጥፉ። ልጄን አውርዱልኝ።»

ወደ እሱ ስልክ ተመለሱ። ድምፃቸው ተለውጧል።

«ማን ነህ አንተ?»

«ያጠፋው እሱ ነው ይበሏቸው» አለ ሙጫ።

«ፊርማው የኔ ነው። ልጄን አተረፍክልኝ፤ አሳልፌ አልሰጥህም። ሁለተኛ ግን እንዳትደውልልኝ።»

ሽማግሌው አሻጥር ሠሩ ተብለው አሥራ አራት ዓመት ተፈረደባቸው። መሥሪያ ቤቱ ፍላሿን ይዞ «ተልዕኮው ተሳክቷል» አለ። ሙጫ በዚያ በሐሰት ስሙ ለፍርድ ቤቱ የእምነት ቃሉን ጽፎ ላከ። እንዲህ የሚባል ሠራተኛ በፋብሪካው መዝገብ የለም ተብሎ ውድቅ ሆነ። አጎት ስሙን ከመዝገቡ አጥፍቶታል። ሁለት ዓመቱን ሙሉ።

ሌሊት ሌሊት ያ የኪቦርድ ድምፅ ይቀሰቅሰዋል።

አንድ ቀን ጠዋት ወህኒ ቤቱ በር ላይ ከጠያቂዎች ጋር ተሰለፈ። ተራው ደረሰ። ዘበኛው መዝገቡን ገለጠ።

«ማንን ነው?»

የሽማግሌውን ስም ነገረው።

«ምናቸው ነህ?»

ከኋላው ያሉት መገፋፋት ጀመሩ። ዘበኛው ብዕሩን እንዳነሳ ጠበቀ።

«ተሳስቼ ነው» አለ። ከሰልፉ ወጣ፤ አውቶቡስ በሚጠብቁት ሰዎች መሃል ገብቶ ቆመ።