ከጠጠሩ ጀርባ

መጽሐፍ ጠራዡ ረፋድ ላይ በሥራ ጠረጴዛው እንደተደፋ ሞቶ ተገኘ። አጠገቡ ግማሹ የተጠጣ የቅጠል ውሃ ነበረ። ያሳደገችው ታላቅ እህቱ፣ አብራው ስትጠርዝ የኖረች ሴት፣ ለቀስተኛ ሳትጠራ ፖሊስ ጠራች። ሚስቱ መርዛ ገደለችው አለች።

የተላከችው መርማሪ ባልደረቦቿ «ወንፊት» የሚሏት ናት፤ ገለባ አታሳልፍም። ሰው ሲያወራ ዓይኗ ከአፉ ይልቅ እጁ ላይ ነው።

«ወንድሜ የነበረበት የኩላሊት ጠጠር ነው» አለች እህትየዋ። «ጠጠር በአንድ ጀምበር ሰው አይገድልም። ቅጠሉን የቀቀለችውን ይጠይቋት።»

ሚስትየዋ አስተማሪ ናት። ቅጠሉን መቀቀሏን አልካደችም፤ ለጠጠር ይበጃል ብለዋት ነው። ጎኑን ሲወጋው፣ ሽንቱ ደም ሲቀላቅል፣ ሐኪም ቤት ተመለስ ብላ ብትለምነው፣ ስድስት ዓመት የማውቀው ጠጠሬ ነው እያለ ሲስቅባት ከረመ። ከአራት ወር በፊት ክሊኒክ የተነሳውን የአልትራሳውንድ ውጤት ማን እንዳመጣው ስትጠየቅ «እትዬ» አለች። እህትየዋ ደግሞ «እሷው ናት» አለች። ክሊኒኩም ለቤተሰብ ሰጠን ከማለት በቀር አያስታውስም። አንዷ ትዋሻለች። መርዝ ከተገኘ ሚስትየዋ ከቀብር በቀጥታ ወህኒ ናት፤ ባይገኝም ባሏን የበላች መባሏ አይቀርም።

የሟቹ የሥራ ሸሪክ አታሚ ነው። በሁለቱ መካከል አታስገቡኝ ብሎ፣ የያዘው ኩባያ ላይ የጣቱን ቀለም ትቶ ወጣ። ሚስትየዋም መጥሪያ ሲደርሳት ፖስታውን ስትከፍት ከነደብዳቤው ቀደደችው። ወንፊት ሁለቱንም ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች።

ከሟቹ መሳቢያ ያ ውጤት ተገኘ፤ ካርቶን ሽፋን ላይ በሽቦ የተመታ አንድ ገጽ። «በግራ ኩላሊት ጠጠር አለ» ይላል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ወንፊት ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዛ ብዙ ቆየች። ከዚያ ክሊኒኩ ቅጂውን እንዲልክላት አዘዘች።

በሦስተኛው ቀን ሦስቱንም በጥረዛው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«አስከሬኑ ተመርምሯል፤ መርዝ የለም» አለች። «የገደለው የኩላሊት ካንሰር ነው። ከዚያው የተነሳ የረጋ ደም ሳንባውን ዘጋው።»

«ጠጠር ነበር እኮ የነበረበት» አለ ሸሪኩ።

«ጠጠሩም ነበረ። ሐኪሙን ጠየቅሁት። ጠጠር ያለበት ሰው አብዛኛው ካንሰር አይዘውም። ግን ሁለቱም ጎን ይወጋሉ፣ ሁለቱም ሽንት ያደማሉ። አንዱ ከሌላው ጀርባ ይደበቃል። ክሊኒኩ ግን አይቶት ነበር።» የክሊኒኩን ቅጂ አወጣች፤ ሁለት ገጽ ነው። «ሁለተኛው ገጽ ኩላሊቱ ላይ እብጠት አለ፣ ከኩላሊቱ አልወጣም፣ በቶሎ ቀዶ ሐኪም ይየው ይላል። ይህን ገጽ ሟቹ አላየውም። አንድ ሰው ሽቦውን ነቅሎ፣ ገጹን አውጥቶ፣ የቀረውን መልሶ መትቶታል። አሮጌዎቹ የሽቦ ቀዳዳዎች ጠራዦች ወረቀት በሚያለሰልሱበት አጥንት ከጀርባ ተዳምጠው ተደፍነዋል፤ የጠራዥ እጅ ነው። ሚስቱ ብትሆን ትቀደው ነበር። ሸሪኩ ቢሆን ያቆሽሸው ነበር። ሟቹ ራሱ ሚስቱን ለማታለል ነቀለው እንዳልል፣ ክሊኒኩ ወረቀቱን የሰጠው ለቤተሰብ ነው።»

እህትየዋ እጆቿን ከጠረጴዛው ሥር ከተተች።

«አባታችን የበሽታውን ስም የሰማ ዕለት እህል መቅመስ ተወ» አለች። «እሱም በድንጋጤ ይሞትብኛል ብዬ ነው። ጠጠር እያለ ይኑርልኝ ብዬ።»

«ታዲያ እሷን ለምን ከሰሱ?»

«ከእኔ ሌላ ገዳይ እንዲኖር ፈለግሁ።»

ሸሪኩ አንገቱን ደፋ። ሚስትየዋ ግን አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። ወንበሯን ወደ እህትየዋ አስጠግታ ቀስ ብላ ጠየቀች።

«ወረቀቱን ሲሰጡት ምን አለ፣ እትዬ?»

እህትየዋ እጆቿን ከጠረጴዛው ሥር አወጣች።

«ጠጠር ብቻ ነው? ተመስገን አለ። ዕድሜ ይስጥሽ ብሎ መረቀኝ።»