ፊላደልፊያ ላይ ፀሐይ በአንድ ሰዓት ወጣች

ቀይ ፂም ያለው ፈረንጅ ዶራቪል ባቡር ጣቢያ ፓርኪንግ ውስጥ የወረቀት ከረጢቱን አቀበላት። እንድታየው በአገጩ ጠቆማት።

ለእሱ ሐምራዊት አሮጌ መጽሐፍ ሰብሳቢ ናት። ለሙዚየሙ ግን «ጨረቃ» ናት፤ የተሰረቀውን የሁለት መቶ ዓመት ዕድሜ ያለው የፊላደልፊያ አልማናክ፣ የዘመን መቁጠሪያ መጽሐፍ፣ ከሌባ እጅ እንድታወጣ የተላከች ሰላይ።

የሙዚየም አለቃዋ ጋሽ ይገዙ እንዳስተማሯት ገለጠችው። ያኔ ሒሳብ አዋቂው ለአንድ ከተማ የፀሐይ መውጫውን፣ የጨረቃ ግርዶሹን ቁጭ ብሎ ያሰላል። ለአታሚ ይሸጣል። አታሚው የሆድ ቁርጠት መድኃኒትና ቀልድ ጨምሮ ያትመዋል። የጎረቤት ከተማ አታሚ ደግሞ ሰርቆ፣ ፀሐይዋን እንኳ ሳያስተካክል፣ በራሱ ስም ያወጣዋል።

ጃንዋሪ ላይ ጣቷ ቆመ።

ፀሐይ የምትወጣው በ1፡20።

ከላይም ከታችም ያሉት መስመሮች ሰባት ሰዓት ይላሉ። ይቺ ብቻ አንድ።

ቅጂ ነው። ያውም የፈረንጁን የጠዋት ሰባት አንድ ብሎ የሚቆጥር ሰው የሠራው። ሙዚየሙ ውስጥ ይህን ሒሳብ የሚሠራ ሐበሻ አንድ ነው።

አሜሪካ ያመጧት አለቃዋ።

ፈረንጁን አሰናብታ ጥግ ላይ የሚጠብቃት የጋሽ ይገዙ መኪና ውስጥ ገባች።

«አገኘሽው፣ ልጄ?»

«አገኘሁት፣ ጋሼ። ግን ፊላደልፊያ ላይ ፀሐይ በፈረንጅ ሰዓት በሌሊት ወጥታለች። በአንድ ሰዓት ከሃያ።»

ሳቁ። ሳቃቸው መሀል ላይ ቀረ።

«እንቅልፍ እያዳፋኝ ነበር የሠራሁት።»

«ሌባውም እርስዎ፣ ፈረንጁን የላኩትም እርስዎ ነዎት ማለት ነው። ኦርጅናሉስ?»

እጃቸው ሳያስቡት ኮታቸው ደረት ላይ አረፈ።

«ገዢው ዛሬ ይረከበኛል። አንቺ ይሄን ለሙዚየሙ መልሺ። ፈረንጅ ቢያየው አታሚው ሰክሮ ነው ይላል።»

«እምቢ ብልስ?»

«የአሳይለም ኬዝሽን፣ ስሙንም የስደት ታሪኩንም፣ የፈጠርኩልሽ እኔ ነኝ። እኔ ከተያዝኩ አብረን ነን።»

ኪሷን በእጇ ዳሰሰች።

ኪሷ ውስጥ ስልኳ ክፍት ነው። ሙዚየሙ የቀጠራቸው ሰዎች እየሰሙ ነው። አማርኛ ግን አይሰሙም። እሺ ብትል ማንም አያውቅባትም።

«ኢክሊፕስ» አለች ጮክ ብላ፤ ግርዶሽ።

ጋሽ ይገዙ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የአደጋ ኮዱን ያወጡት እሳቸው ናቸው።

ሁለት መኪኖች ከፊትና ከኋላ ዘጉባቸው። ኦርጅናሉ ከኮታቸው ሲወጣ ሐምራዊት በግርግሩ መሀል ከመኪናው ወርዳ ባቡር መሳፈሪያው ላይ ነበረች። ሲም ካርዷን ሰብራ ጣለች። አሁን የሥራ ስሟም የኬዝ ስሟም አይሆኗትም።

ባቡሩ ሲነሳ አጠገቧ የተቀመጡ ነጠላ የለበሱ ሴትዮ ፈገግ ብለው ዞሩ።

«ሐበሻ ነሽ አይደል፣ የኔ ልጅ?»

አማርኛው ያልገባት መስላ ትከሻዋን ነቀነቀች።

«ሶሪ» አለቻቸው።