መቶ አሥራ ስምንት

አንድ ልብ በደቂቃ መቶ አሥራ ስምንት ጊዜ ሲመታ፣ ፈርቶ ይሁን ወድዶ በምን ይታወቃል?

ሐኪም ነኝ። አየርላንድ ስድስት ዓመት ተምሬ፣ አራት ዓመት እዚያው ሠርቼ፣ ወደ ተወለድኩባት የካናዳ ከተማ ሳርኒያ ተመልሻለሁ። ያም ሆኖ በዚያ የነሐሴ ጠዋት ይህን ብትጠይቁኝ የምመልሰው አልነበረኝም።

ዴልፊንን ያገኘኋት ከሆስፒታላችን ድንገተኛ ክፍል ጀርባ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ በተተከለ ድንኳን ውስጥ ነው። ከከተማችን በስተደቡብ ወንዙን ተከትሎ ያለው ሁሉ የኬሚካል ፋብሪካ ነው። አንድ ቀን መርዝ ቢያፈተልክ የተጎዱት የሚመጡት ወደ እኛ ነው። ሆስፒታሉም እኛን ሐኪሞቹን እንድታዘጋጅ ለጥቂት ወራት ቀጠራት። ከሰሜን፣ ከማዕድን ቆፋሪዎች አገር የመጣች፣ ድሮ እሳት አጥፊ የነበረች፣ ጸጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ የምታስር ሴት ናት።

«ዶክተር ቴዎ ብራወር እርስዎ ነዎት?»

«ቴዎ በይኝ።»

«እጅዎን ይስጡኝ፣ ዶክተር።»

ልጨብጣት ዘረጋሁ። እሷ ግን እጄን ገልብጣ አንጓዬን ያዘችና ሰዓቷን ማየት ጀመረች። ጣቶቿ ቀዝቃዛ ነበሩ። የዘረጋሁት መዳፍ አየር ላይ ቀረ።

«መቶ አሥራ ስምንት» አለች። «ከመቶ አሥር በላይ ልብስ አይለበስም። ይቀመጡ።»

የመከላከያ ልብሱ ከራስ እስከ እግር የታሸገ ነው፤ ውስጡ እንደ ምድጃ ይግላል። ገና ሳይለብስ የሚዘል ልብ፣ ከለበሰ በኋላ ባለቤቱን ይጥለዋል። ስለዚህ ከመልበሱ በፊት የሁሉም ሰው የልብ ምት ይለካል። የማንም ማዕረግ አይታይም።

ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሲስተር ዋንዳ ሳቀችብኝ። ድንገተኛ ክፍሉን ሃያ ስድስት ዓመት የመራች ነርስ ናት፤ በሰባት ዓመቴ አገጬ ሲሰፋ እጄን ይዛኝ ነበር።

«አንተ ልጅ፣ ያኔ እንኳ እንዲህ አልፈራህም።»

«አልፈራሁም፣ ዋንዳ።»

«እሺ። ወንበሩ ይመቻል?»

በሁለተኛው ሳምንት መቶ አሥራ ስድስት። በሦስተኛው መቶ ሃያ አንድ። እስከ መስከረም መጨረሻ ልብሱን ለብሶ የመሥራቱን ፈተና ካላለፍኩ ስሜ ከመርዝ አደጋ ቡድኑ ይሰረዛል። ባልደረቦቼ ለብሰው፣ ሃያ ደቂቃ ሠርተው፣ እንደ ታጠበ ልብስ ረጥበው ይወጣሉ። ልብሱ ውስጥ ማን ማን እንደሆነ ስለማይታወቅ ስማቸው በወፍራም ፕላስተር ተጽፎ ጀርባቸው ላይ ይለጠፋል። የእኔ ፕላስተር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተጽፎ፣ የድንኳኑ ምሰሶ ላይ ተለጥፎ ይጠብቀኛል።

ከወንበሬ ሆኜ የምችለው መጠየቅ ብቻ ነበር። ጠየቅኩ።

«ልብስ ማውለቅ ብቻውን ያን ያህል ለውጥ አለው?»

«አብዛኛው መርዝ ከልብሱ ጋር ይሄዳል። የቀረውን ውኃና ሳሙና ይወስደዋል።»

«እኔ ታዲያ ስድስት ዓመት ምን ተማርኩ?»

«የእርስዎ ስድስት ዓመት የሚጀምረው ሰውየው ከታጠበ በኋላ ነው» አለች። «ሐኪም ሰው ወድቆ ሲያይ ይሮጣል። ሮጦ የሄደ ሐኪም ሁለተኛው በሽተኛ ነው። መጀመሪያ መቆም ይማሩ።»

አንድ ቀን ከሥልጠና በኋላ ትልቁ ድልድይ ሥር፣ ድንች ጥብስ ከሚሸጥባት መኪና ፊት ተሰልፋ አገኘኋት። ድንቹን በኮምጣጤ አጠመቀችው።

«ድንች እየበላሽ ነው ወይስ መርዝ እያጠብሽ?» አልኳት።

«ቅመስና ፍረድ።»

«አንተ» ያለችኝ ያን ጊዜ ነው። ወንዙ ዳር ተቀመጥን።

«ለምን ተመለስክ?» አለች።

«አባቴ ታሞ። ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቷል። ሳንባው... ከዚያ ሞተ። ከዚያ ሳልሄድ ቀረሁ።»

«ልትሄድ ነው ታዲያ?»

«እንጃ። የመጽሐፍ ካርቶኖቼን ገና አልፈታሁም።»

«ስንት ጊዜህ ከመጣህ?»

«አሥራ አራት ወር።»

ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ተወችው።

«ቴዎ፣ ፋብሪካውን ትፈራዋለህ። አባትህን ወስዶብሃል። አያሳፍርም።»

«አልፈራም።»

«ታዲያ ልብህ ምን ሆኖ ነው?»

የወንዙን ውኃ ማየት መረጥኩ። የአባቴ ሳል ጆሮዬ ውስጥ ነበር፤ እውነት ነው። ግን ቀዝቃዛ ጣቶቿም አንጓዬ ላይ ነበሩ። የትኛው ነው? በሽተኛ ቢሆን ኖሮ ምርመራ አዝዝለት ነበር።

በከተማችን ሰኞ ሰኞ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ የአደጋ ሳይረን ይሞከራል። ማንም ከምሳው ቀና አይልም። በመስከረም ሁለተኛው ሰኞ ድንኳኑን እየዘረጋን ሳለ ጮኸ። እኛም ቀና አላልንም። ዋንዳ ብቻ ሰዓቷን አየች።

«ገና ስድስት ከአሥር ነው» አለች።

ወዲያው አንድ ፒክአፕ መኪና እየተክለፈለፈ መጥቶ በራችን ላይ ቆመ። ሾፌሩ የሥራ ባልደረባውን ጭኖ ነበር። ሰውየው ሸሚዙ በኬሚካል ርሷል፤ እንደ አባቴ ይስላል። እግሬ ሳላዝዘው ተነሣ።

«ቁም!»

የዴልፊን ድምፅ ነው። ሦስት እርምጃ ሲቀረኝ ቆምኩ። ልብሱን ለመልበስ ስመለስ አንጓዬን ይዛ ቆጠረች።

«መቶ አሥራ ስምንት። ተቀመጥ።»

«ሰው እየሞተ ነው፣ ዴልፊን!»

«ልብሱ ውስጥ ብትወድቅ ማን ያክመዋል? ታጥበው በሚወጡበት በር ኦክስጅን ይዘህ ጠብቀኝ።»

እሷና ዋንዳ ለበሱ። የሰውየውን ሸሚዝ በመቀስ ቀደው አወለቁለት፤ አጠቡት፤ ከስምንት ደቂቃ በኋላ ንጹሕ አድርገው እጄ ላይ አስረከቡኝ። ስድስት ዓመቴ እዚያ ጀመረ። ሾፌሩንም አጠቡት። ሁለቱም ተረፉ።

ሁሉም ሲያበቃ ዴልፊን በሰማያዊው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጸጉሯ ተፈትቶ ውኃ ይንጠባጠባል። እርሳሱን ፈልጌ አምጥቼ ሰጠኋት።

«ሆስፒታሉ በቋሚነት ቅሪ ብሎኛል» አለች። «ሩቅ ምዕራብ፣ ኤድመንተን አጠገብ ያሉ ሰዎችም ሊቀጥሩኝ ይፈልጋሉ። እስከ ዓርብ መልስ መስጠት አለብኝ።»

«የትኛውን ትመርጫለሽ?»

«ለዚያ ነው የምጠይቅህ። ልብህ የሚዘለው በመርዙ ነው ወይስ በእኔ?»

የወደቀ ፎጣ አንሥቼ ማጠፍ ጀመርኩ።

«ቴዎ...»

«አላውቅም።»

ዋንዳ ጓንቷን እያወለቀች ሰማችን። «ምን ችግር አለው? እኔ ልለካው። አንድ ደቂቃ ነው።» እጇን ዘረጋችልኝ።

እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ዋንዳ ለክታኝ መቶ አሥራ ስምንት ቢሆን፣ የተወለድኩበትን ከተማ የምፈራ ሐኪም ነኝ። ሰባ ቢሆን ደግሞ ነገሩ ዴልፊን ናት፤ እንግዲያው ካርቶኖቼን መፍታት አለብኝ። ሁለቱንም መስማት አልፈለግኩም።

ዴልፊን የተደበቀውን እጄን አየችው። አልተቆጣችም።

«ያወቅክ ዕለት ቁጥሩን ላክልኝ» አለች። «ሌላ ቃል አትጨምርበት።»

ዓርብ ለኤድመንተን ፈረመች። የመስከረም መጨረሻም ደረሰ፤ ስሜ ከቡድኑ ተሰረዘ። እሷ በሄደች ማግስት ወደ ድንኳኑ ገባሁ። ስሜ የተጻፈበትን ፕላስተር ከምሰሶው አንሥታ ወንበሩ ጀርባ ላይ ለጥፋዋለች። ላጥኩትና ቦርሳዬ ውስጥ አኖርኩት።

ብርዱ ገባና ወንዙ በረዶ ሆነ። አንድ እሑድ ካርቶኖቼን መፍታት ጀመርኩ። ለማን ብዬ እንደሆነ ራሴን አልጠየቅኩም። መጽሐፎቹን ስደረድር የአባቴ የምሳ ሣጥን ከሥር ወጣች። እሷንም መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኳት።

በየካቲት ዋንዳ ሻይ ቤት ይዛኝ ገባች። ስኳሩን ከሚገባው በላይ አማሰለች።

«ዴልፊን ደውላልኝ ነበር። እዚያ ሰው አግኝታለች። ደህና ናት።»

«ጥሩ ሰው ነው?»

«ድምፁን ነው የሰማሁት። ከኋላ ሆኖ ሾርባው ቀዘቀዘ ይላታል።» እጄን ነካ አደረገችኝ። «ከሌላ ሰው እንዳትሰማው ብዬ ነው፣ ልጄ።»

በሚያዝያ ድንኳኑ እንደገና ተተከለ። ስሜን ራሴ ነኝ ያስመዘገብኩት። አዲሱ አሠልጣኝ ሩፐርት የሚባል፣ ጢሙ ትልቅ፣ ከሃሚልተን የመጣ ሰውዬ ነው። በዚያ ጠዋት ነፋሱ ከፋብሪካዎቹ በኩል ይመጣ ነበር፤ የአባቴ የሥራ ልብስ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ነው። አንጓዬን ሰጠሁት። ወደ ሌላ አላየሁም።

«ሰባ አራት። ይልበሱ።»

«ይቅርታ፣ ደግመው ይለኩልኝ?»

ጢሙን እያሻሸ ለካ። «ሰባ አራት። ችግር አለ?»

«የለም።»

ስሜን ሊጽፍልኝ አዲስ ፕላስተር ሲቆርጥ፣ አለኝ አልኩና አሮጌውን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ማጣበቂያው ደክሟል። ዋንዳ ጀርባዬ ላይ በመዳፏ አጥብቃ ለጠፈችው። እጇን ቶሎ አላነሣችም።

«ምን ሆንሽ?» አልኳት።

«ፕላስተሩ እንዲይዝ ነው» አለች።

ሃያ ደቂቃ ሠርቼ ረጥቤ ወጣሁ። ስልኬን ከተቀመጠበት ከረጢት አውጥቼ የዴልፊንን ስም ፈለግኩ። ሾርባውን አስቤያለሁ። ምንም ልለምናት አልነበረም። ግን የጠየቀችኝ ጥያቄ ነበር፤ መልሱም እጄ ላይ ነው።

«74» ብዬ ጻፍኩ። ሌላ ቃል አልጨመርኩበትም። ላክሁት።

መልእክቱን ያን ቀን ከምሳ በፊት አንብባዋለች፤ ስልኬ ላይ ያለው ምልክት ያሳያል። መልስ እስከ ዛሬ አልመጣም።