ለለቅሶ የገቡ ቤት ፈላጊዎች

በሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ሐምሌ፣ እንጦጦ ከራጉኤል እስከ ኪዳነ ምሕረት ጉም ለብሶ ሰንብቶ ነበር፤ ባሕር ዛፉ ከወገቡ በላይ አይታይም፤ ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ የየካን ኮረኮንች መንገዶች አጥቦ ድንጋያቸውን አውጥቶታል። ከታች በከተማይቱ ግን ሌላ ግርግር ነበር። ሁለተኛው ሺህ ዓመት አልቆ ሦስተኛው ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ስለ ቀሩት አጥር ይቀባል፤ ባንዲራ ይሰቀላል፤ ሚሊኒየም የሚለው ቃል ከሚኒስትሩም ከሊስትሮውም አፍ አይጠፋም። በዓሉ ዓመቱን ሙሉ ይከበራል፣ ከባሕር ማዶም እንግዳ ይጎርፋል ስለ ተባለ፣ ሁለት ክፍል ትርፍ ያለው ሰው ሁሉ ባለ ሆቴል የሆነ መሰለው፤ ደላላም በአንድ ክረምት ከአገር ሽማግሌ ይልቅ ተሰሚ ሆነ።

በየካ ክፍለ ከተማ፣ ወደ ኪዳነ ምሕረት በሚያወጣው አቀበት ሥር፣ የሻምበል ወርቅአየሁ ግቢ ነበረ። ሻምበል በቀድሞው ሠራዊት ያገለገሉ፣ መንግሥት ሲለወጥ ደመወዙ ቀርቶ ማዕረጉ ብቻ የተረፈላቸው፣ ቁጡ እንጂ ክፉ የማይባሉ ሰው ናቸው። በግቢያቸው ያለውን ባለ ሁለት ክፍል ቤት የተከራየችው ጋዲሴ ዱጋሳ ትባላለች፤ ለጴንጤዎቹ አጥቢያዎች የመዘምራን ልብስ እየሰፋች የምትተዳደር፣ ንግግሯ አጭር፣ ሥራዋ የጸዳ ሴት ናት። የኪራይ ስምምነታቸው በምስክሮች ፊት እስከ ጥቅምት መጨረሻ የጸና ነበር። በዚያ ክረምት እናቷን ወይዘሮ ሎሚን ለሕክምና ከሱሉልታ አምጥታ፣ በውስጠኛው ክፍል አስተኝታ ታስታምም ነበር።

ሻምበል ቤቱን ከኅዳር ጀምሮ ለውጭ እንግዳ ሊያከራዩ አሰቡ፤ ይህ መብታቸው ነው። ስሕተታቸው ትርፍ ቁልፉን ለደላላው ለከበበ መስጠታቸው ነበር። ከበበ ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ፣ ምላሱ ከጫማው የበለጠ የተወለወለ ሰው ነው፤ ሌላ ደላላ ሳይቀድመው በፊት ቤቱን ማሳየት አለበትና የማንንም ፈቃድ የሚጠብቅበት ጊዜ አልነበረውም። አንድ ቀን ጋዲሴ የሰፋችውን ልብስ ልታደርስ በወጣችበት ከፍቶ ሦስት ሰዎች አስገባ፤ በስፌት መኪናዋ አጠገብ አልፎ የውስጠኛውን ክፍል መጋረጃ ገለጠ። ወይዘሮ ሎሚ ራሳቸውን ሳይሸፍኑ፣ ብርድ ልብሱ ከትከሻቸው ወርዶ ተኝተው ነበር፤ መነሣትም፣ መሸሸግም አልቻሉም። ሰዎቹ በራስጌያቸው ቆመው ስለ ኮርኒሱ ተነጋገሩ።

ከመካከላቸው አንዱ፣ «እኚህስ?» ብሎ ጠየቀ።

ከበበም፣ «እሳቸው አይቆዩም፤ እስከ ኅዳር ባዶ ይሆናል» አለ።

ጋዲሴ ስትመለስ እናቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው አገኘቻቸው። «ኢንተላ ኮ» አሏት፣ ልጄ ሲሉ ሁልጊዜ እንደሚጠሯት፤ «ይሄ ቤት የማን ነው?» ጋዲሴ የሆነውን ሁሉ ከሰማች በኋላ ዕቃዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ወደ ሻምበል ደጃፍ ሄደች።

«ሻምበል፣ የሰው ቤት ከመግባት በፊት ይንኳኳል» አለች።

«የማን ቤት?» አሉ ሻምበል ከወንበራቸው ሳይነሡ። «ካርታው በስሜ ነው። ውጪ አላልኩሽም፤ ይዩት ነው ያልኩት።»

«ካርታው የእርስዎ ነው፤ በእሱ አልከራከርዎትም። እስከ ጥቅምት ግን የምኖርበት እኔ ነኝ፤ አከራይ ተከራዩን በሰላም ያኑር ብሎ ሕጉም ይላል። ማሳየት አልከለከልኩም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አስቀድሞ ተነግሮኝ፣ እኔ ባለሁበት ይምጡ።»

«ደላላ ቅዳሜን ይጠብቃል እንዴ? ሌላው ይቀድመዋል እኮ!»

«እናቴ ታማ ተኝታለች፣ ሻምበል።»

ሻምበልም፣ «እግዜር ይማርልሽ» ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ፤ ቁልፉን ግን ከከበበ አልተቀበሉም።

ጋዲሴ በማግሥቱ ወደ ቀበሌ ወረደች። በዚያ ያገኘችው ሹም በበዓሉ መብራት ክር ተተብትቦ ነበር፤ አቤቱታዋን ቆሞ ሰማና፣ «ይህ ተነጋግራችሁ የምትጨርሱት ነገር ነው፤ ካልሆነም ከበዓሉ በኋላ ተመለሺ» አላት። እርሷም አናጢ ጠርታ የበሩን ቁልፍ አስለወጠች። ከዚያ ወዲያ ከበበ መግባት አልቻለም፤ ሆኖም በሩን ማንኳኳት አልተወም። ዛሬ ባልና ሚስት፣ ነገ ነጋዴ እያስከተለ ይመጣል፤ ጋዲሴ በበሩ ክፍተት ‹ቅዳሜ› ብላ ትመልሰዋለች፤ ቅዳሜ ሲደርስ ደግሞ ከበበ ሌላ መንደር ነው።

በነሐሴ መጨረሻ ወይዘሮ ሎሚ ዐረፉ። አስከሬናቸው እንጦጦን ተሻግሮ በሱሉልታ ተቀበረ፤ ቀባሪው ሲመለስ እድሩ በሻምበል ግቢ ድንኳን ተክሎ ጠበቀ። እንግዲህ በአገራችን የለቅሶ ቤት በር አይዘጋም። የመጣውን ማን ነህ ማለት ነውር ነው፤ ያላወቁት ሰው ቢያለቅስ እንኳ ሟች ያደረጉለት ውለታ ይኖራል ተብሎ ቦታ ይለቀቅለታል። ከበበም የአገሩን ወግ የሚያውቅ ሰው ነውና ይህን ለመረዳት ብዙ አልተቸገረም። ደንበኞቹን፣ «ነጠላችሁን አዘቅዝቃችሁ ግቡ፤ ‹እግዚአብሔር ያጽናሽ› ብላችሁ ተቀመጡ፤ ከዚያ እንደ ልባችሁ እዩ» እያለ ያስገባቸው ጀመር።

ጋዲሴ በቤቷ ውስጥ ከተነጠፈላት ፍራሽ ላይ ሆና ታያለች። አንዱ አንገቱን ደፍቶ ከተቀመጠ በኋላ ቀስ ብሎ ኮርኒሱን ይመለከታል፤ ሌላው ግድግዳውን በጣቱ ይቆረቁራል፤ አንዲቱ ውሃ የጠማት መስላ ጓዳውን አይታ ትመለሳለች። የሚያለቅሰውን ከሚያየው መለየት አቃታት። በመጣው ላይ ብትጮኽ ግን የሚወራው በእናቷ ለቅሶ ሰው አባረረች ተብሎ ነው፤ ስለዚህ ከፍራሿ አልተነሣችም።

ከበበ ያላወቀው አንድ ነገር ነበር። በእነጋዲሴ አጥቢያ በሦስተኛው ቀን ለቀስተኛ ሁሉ ስለ ሟች የሚያውቀውን አንድ ቃል በየተራ ይናገራል። በዚያ ቀን የጋዲሴ ፍራሽ ወደ ድንኳኑ ወጣ፤ የእድሩ ዳኛ አቶ ጉተማም ተነሥተው ጸለዩና ተራውን አስጀመሩ። አንዲት የሱሉልታ ሴት ወይዘሮ ሎሚ ወተት ሲሸጡ ለአራስ መርቀው እንጂ ሰፍረው አያውቁም ብላ መሰከረች፤ ሌላውም የሚያውቀውን አለ። ተራው ጥቁር የለበሰች፣ ማንም የማያውቃት አንዲት ወይዘሮ ዘንድ ደረሰ፤ ዘውድነሽ የምትባል የባንክ ሠራተኛ ናት።

«እርስዎስ እህቴ፣ በየት በኩል ያውቋቸው ነበር?» አሏት አቶ ጉተማ።

«የሩቅ ዘመድ ናት» አለ ከበበ ከኋላ ፈጠን ብሎ።

«አይደለሁም» አለች ዘውድነሽ። «እኔ አላውቃቸውም። ቤቱን ለማየት ነው የመጣሁት። ያለሁበት ቤት ለእንግዳ ተፈልጎ ልቀቂ ተብያለሁ፤ ደላላው በየቀኑ ሰው እያመጣ ቁም ሳጥኔን ሳይቀር ይከፍታል። ይህን ራሴ እያየሁት፣ ሰው ለቅሶ ውስጥ ገባሁ። ይቅር በሉኝ።»

ድንኳኑ ታወከ። ጎረምሶች ከበበን በኮቱ ሊይዙት ሲነሡ ጋዲሴ ከፍራሿ ተነሣች።

«ተዉት» አለች። ወደ ዘውድነሽም ዞረች፤ «ይነሡ፤ ቤቱን ላሳይዎት። እኔ ባለሁበት ይታይ ብዬ ነበር፤ ይኸው አለሁ።»

እጅዋን ይዛ አስገባቻት። የውስጠኛው ክፍል መስኮት ወደ ድንኳኑ የሚከፈት ነውና የምትናገረው ሁሉ ውጭ ለተቀመጠው ይሰማ ነበር።

«አልጋው ይህ ነው። እናቴ እዚህ ተኝታ ሳለች ሦስት ሰው ቆሞባት ስለ ኮርኒሱ ተነጋገረ። ከዚያ ወዲያ ሻሿን ሳታስር አልተኛችም። በሩ በተንኳኳ ቁጥር፣ ‹አንሺኝ፣ ሰው መጣ› ትለኝ ነበር፤ መነሣት ግን አትችልም። ሻሿን እንዳሰረች ሞተች።» ወደ ላይ አመለከተች። «ኮርኒሱ አያፈስም። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ሌላ ሊያዩት የሚፈልጉት አለ?»

ዘውድነሽ የአልጋውን ጫፍ ይዛ አለቀሰች፤ ላላወቀቻቸው ሴት ከልብዋ አለቀሰች። ወደ ድንኳኑ ተመልሳም ለቀስተኛው እስኪበተን ከሴቶቹ መካከል ተቀመጠች፤ ተነሺ ያላት ሰው አልነበረም።

ሻምበል ወርቅአየሁ ያን ሁሉ ከወንዶቹ ረድፍ ሆነው ሰምተዋል። ባርኔጣቸውን ወንበር ላይ ረስተው ወጡ። ይቅርታ አልጠየቁም፤ በዕድሜያቸው ያን የተማሩ ሰው አልነበሩም። በማግሥቱ ግን ወንበር አውጥተው በግቢያቸው በር ላይ ተቀመጡ፤ ከበበ ሁለት ሰዎች አስከትሎ ብቅ ቢል፣ ብዙ ዘመን ባልተሠራበት የጦር ሰፈር ድምፅ «ተመለስ!» አሉት። እስከ ጥቅምት መጨረሻ ያለ ጋዲሴ ፈቃድ ያን ደጃፍ የረገጠ አልነበረም። ጥቅምት ሲያልቅ እርሷ በስምምነቱ መሠረት የስፌት መኪናዋን አስጭና ለቀቀች፤ ሻምበልም ከባሕር ማዶ ለመጣ እንግዳ አከራዩ።

የዚያን ዓመት ነገር የጻፉ ሰዎች ርችቱን፣ ባንዲራውን፣ የመጣውንም እንግዳ ብዛት ጽፈዋል፤ ውሸት የለበትም። ለእንግዶቹ ማረፊያ ሲፈለግ በማን ራስጌ እንደ ተቆመ ግን የጠየቀ ጸሐፊ የለም፤ የሚጠይቅበትም ምክንያት አልነበረውም። ወይዘሮ ሎሚ ከተራራው ወዲያ ተወልደው ከተራራው ወዲያ የተቀበሩ፣ አዲስ አበባን በአንድ ክረምት ብቻ ያወቋት ሴት ነበሩ። በዚያ ክረምት በራቸው ድረስ ከመጡት ሰዎች የሚበዙት ሊጠይቋቸው የመጡ አልነበሩም።